ፍጥነት የሚጀምረው መናኸሪያ ነው

ዋግ ኽምራ ውስጥ የክፍያ ፈጣን መንገድ የለም። ከሰቆጣ ወደ ኮረም፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ አምደወርቅ የሚሄድ ሰው ርቀቱን ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚመለስለት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። ቁጥጥራችን ግን ይህን ሰዓት አይቆጥርም። መንገድ ዳር ቆሞ የመኪናውን የአንድ አፍታ ሩጫ ለመያዝ ይሞክራል፣ ወይም መንጃ ፈቃድና ቦሎ አይቶ ያሳልፋል። ለዋግ ተራሮች ይህ አይበቃም። እዚህ ፍጥነትን መግታት የሚቻለው ሹፌሩ በስንት ሰዓት ተነሥቶ በስንት ሰዓት እንደገባ በመመዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ አሁኑኑ መነሣት ያለበት ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በጋሸናና በብልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚመጣው መንገድ አስፋልት እንዲሆን ሕዝቡ ለዓመታት ጠይቋል። ጥያቄው ትክክል ነው። ምጥ የያዛት እናት፣ ለገበያ የሚወጣ በግና ማር፣ በድርቅ ጊዜ የሚገባ እህል ሁሉም መንገድ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ጠጠር መንገድ ከነክፋቱ ሹፌሩን ይይዘዋል፤ ጉድጓዱና አቧራው ቀስ እንዲል ያስገድዱታል። አስፋልቱ ሲነጠፍ ያ ልጓም ይወልቃል፤ ገደሉና ኩርባው ግን እዚያው ይቀራሉ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የወሎ ደጋ ገደል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሌላ ምሳሌ መጠበቅ የለብንም።

ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ማለት ሜዳ ላይ እንዳለው አይደለም። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ያልፋል። ሹፌሩ ከኩርባው ጀርባ የቆመ የፍየል መንጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ 20 ሜትሩ አልቋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ ቁልቁል ሲሆንና ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል 4 በመቶ ያድጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለቱን በፍሪ መውረድ ነው። ማርሹ ከወጣ ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ ክብደቱ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፣ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ከአደጋ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለው» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሲጀመር፣ ሹፌሩ የመረጠው ማርሽ ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የነባር ሹፌሮች ሥርዓት ከማንኛውም ራዳር በላይ ሰው አድኗል።

ራዳርን አልጠላም። ግን አንድ መንገድ ብቻ ባለበት ተራራ ላይ ትራፊክ ፖሊስ የቆመበት ቦታ ለአሥር ደቂቃ እንኳ ምስጢር አይሆንም፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራት አብርቶ ይነግራል። ይህን እንደ ወንድማማችነት የሚቆጥሩት አሉ። ለእኔ ግን ከኬላው ማዶ በእግሯ የምትሄደውን ገበያተኛ አሳልፎ መስጠት ነው። ተሳፋሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ትርፍ ሰው ተጭኖ ኬላ ሲቃረብ «ጎንበስ በሉ» ሲባል ጎንበስ የምንለው እኛ ነን። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ቦና አካባቢ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ወድቆ 71 ሰዎች ሞተዋል፤ የጭነት መኪና ላይ ሰው ሲጫን ዝም የሚባልበት አገር ዋጋው ይህ ነው።

ሹፌሩ ለምን ይሮጣል? ጠባዩ ስለከፋ ብቻ አይደለም። ለባለንብረቱ የሚያስገባው ሂሳብ አለ፤ ሳይመሽ መግባት አለበት፤ ተራው እንዳያልፈው ነገ ማለዳ መናኸሪያ መገኘት አለበት። ጠዋት መኪናው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቆሞ የባከነው ጊዜ የሚካካሰው ከሰዓት በኋላ ኩርባው ላይ ነው። ስለዚህ ቅጣቱ ሹፌሩን ብቻ ሲነካ፣ ጥድፊያውን ያመጡት ባለንብረትና ስምሪት ሰጪ በነፃ ያልፋሉ።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ2007 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በሚሠራው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ አሽከርካሪው ሲገባ ካርድ ይቀበላል፣ ሲወጣ ይከፍላል። ከፍተኛው ፍጥነት 120 በሆነበት መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ቢያንስ 40 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ በ32 ደቂቃ የደረሰ ሰው በአማካይ 150 ነድቷል። ይህን ለማወቅ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ማወዳደር ብቻ ይበቃል። ጣሊያን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውራ ጎዳናዎቿ ላይ በዚሁ ስሌት አማካይ ፍጥነትን ትቆጣጠራለች።

ለሰቆጣ ካሜራ አያስፈልግም። መኪናው ከመናኸሪያ ሲነሣ የሚሰጠው የመውጫ ወረቀት ላይ ሰዓቱ ይጻፍ፤ መድረሻው መናኸሪያ ደግሞ የገባበትን ይጻፍ። አንድ 60 ኪሎ ሜትር ተራራማ መንገድ በአማካይ ከ40 በላይ መነዳት የለበትም ከተባለ፣ ከ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በፊት የገባ መኪና ሮጧል። ሹፌሩ ሮጦ መንገድ ላይ ቡና እየጠጣ ሰዓቱን ቢያሟላስ የሚል ይኖራል። ሊያደርገው ይችላል፤ ግን በመሮጡ ያተረፈው ደቂቃ ከሌለ ለመሮጥ ያለው ምክንያት ይቀንሳል። የጭነት መኪኖች በመናኸሪያ ስለማያልፉ ለእነሱ ሰዓቱን ኬላዎች መመዝገብ አለባቸው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የፍጥነት ወሰንን በተሽከርካሪው ክብደትና በመንገዱ ደረጃ ከፋፍሎ አስቀምጦ ነበር፤ ለየመስመሩ ዝቅተኛውን ሰዓት ግን ቁልቁለቱን የሚያውቁ የዋግ ነባር ሹፌሮች ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተቀምጠው ይወስኑት። ሰዓቱ ሲጣስም ቅጣቱ ለባለንብረቱም ይድረስ።

ሰቆጣ ያለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ከአበርገሌ ወይም ከዝቋላ ቆላ የተጎዳ ሰው እዚያ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ያልፋል፤ ጉዳቱ ከበረታም ጉዞው ከሰቆጣም አልፎ ይቀጥላል። እዚህ ከአደጋ በኋላ የሚገኘው ዕድል ጠባብ በመሆኑ ሥራው ሁሉ ከአደጋ በፊት መሠራት አለበት።

የዞኑ ትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ የማኅበራት መሪዎች፣ አስፋልቱ ሳያልቅ ይህን ጀምሩት። ተሳፋሪም ሲሳፈር የመነሻ ሰዓቱ መጻፉን ይጠይቅ፤ ካልተጻፈ አይሳፈር።