20 ሰው ወይስ 279 ሰው?

«ቲቸር፣ ፓርላማ ላይ ለምንድን ነው የማይከራከሩት?» አለኝ አንድ ተማሪዬ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 2 ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ ደወሉ ገላገለኝ። እዚህ ልመልስለት።

የአንደበት ችግር አይደለም፤ የሰዓት ነው። ሰዓቱ ደግሞ አጀንዳ የሚያስይዘው ሰው ነው። ድሮ 20 የምክር ቤት አባላት ከተስማሙ አንድ ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ይችሉ ነበር። በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ150 በላይ ወንበር አገኙ። ተሰናባቹ ምክር ቤት ሊበተን ሲል ደንቡን ቀየረና 20ውን 51 በመቶ አደረገው። እስቲ አስሉት! የ547 ወንበር 51 በመቶ 279 ሰው ነው። 279 ሰው ያለውማ መንግሥት ይመሠርታል እንጂ አጀንዳ ይለምናል እንዴ?

«አብላጫው ፕሮግራም ቢያወጣ ምን አለበት?» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ እንግሊዝም የሚገዛው አብላጫው ነው። ግን በአንድ የሥራ ዘመን 20 ቀን አጀንዳውን የሚመርጡት ተቃዋሚዎች ናቸው። «ጊዜ አይበቃም» ደግሞ አትበሉኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፣ እረፍቱ አንድ ወር ነው።

በ2002 ከተቃዋሚ የገባው አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበር። ለብቻው ሰው 20ም 279ም ያው ነው፤ የሚናገረው በሰጡት ደቂቃ ነው።

እዚህ ጎንደር የእድራችን ጸሐፊ እንኳ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ይቺም ትያዝልን» ሲለው ይመዘግባል።

የኔ ጎበዝ፣ ሰኞ ጥያቄህን ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አንሳት።