የትርፍ ጭነት መቀጮ በካርድና በስልክ ይከፈል፦ ከምቾት ይልቅ ለተጠያቂነት

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ ሞጆ የሚዘልቀው መንገድ የኢትዮጵያ የገቢ ንግድ ዋነኛ መተላለፊያ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አንድ ተሳቢ ከተፈቀደለት ክብደት በላይ ጭኖ በሚዛን ጣቢያ ሲያዝ ሁለት ጥያቄዎች በአንድነት ይነሣሉ። አንደኛው መቀጮው ስንት ይሁን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ማን፣ በምን መንገድ ይክፈለው የሚለው ነው። የአከፋፈሉ ጉዳይ እንደ ተራ የገንዘብ ያዥ ሥራ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ መቀጮ በባንክ ካርድ ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ እንዲከፈል መፍቀድ ከምቾት ያለፈ ፋይዳ አለው፤ ጥፋቱን ወደ እውነተኛው ባለቤቱ ለመመለስ ያስችላልና።

የጉዳዩን አሳሳቢነት ለመረዳት ትርፍ ጭነት መንገድን እንዴት እንደሚጎዳ ማጤን ያስፈልጋል። አስፋልትን ይበልጥ የሚጎዳው የተሽከርካሪው ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በእያንዳንዱ አክስል ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ለመንገድም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ ላይ ተመሥርቶ የተቀመረው ስሌት እንደሚያሳየው፣ የአክስል ጫና በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ በግምት 16 እጥፍ ይሆናል። በዚሁ ስሌት መሠረት፣ 10 ቶን ሊያርፍበት የሚገባ አክስል 13 ቶን ቢሸከም፣ ትርፉ 30 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከገቢ ምንጮቹ መካከል የትርፍ ጭነት መቀጮን መቁጠሩ ከዚህ እውነታ ጋር ይስማማል፤ መንገዱን ያፈረሰ ለጥገናው ያዋጣል ማለት ነው። ስለሆነም በጣቢያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚባክን እያንዳንዱ ብር ከጥገና የጎደለ ብር ነው።

መቀጮ በጥሬ ገንዘብ ብቻ በሚሰበሰብበት አሠራር ሸክሙ በቅድሚያ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ነው። የጭነቱን መጠን የወሰነው የዕቃው ባለቤት ወይም የተሽከርካሪው ባለንብረት ቢሆንም፣ ሚዛኑ ፊት የሚቆሙት ግን ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ ናቸው። በኪሱ ከውሎ አበልና ከመንገድ ወጪ ያለፈ ገንዘብ የሌለው ሾፌር፣ ተሽከርካሪውን አቁሞ ገንዘብ እስኪላክለት ይጠብቃል፤ አለዚያም ከሕጋዊው መቀጮ ያነሰ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ሰጥቶ ለማለፍ ይፈተናል። ፈተናው የእሱ ብቻ ሳይሆን የጣቢያው ሠራተኛም ጭምር ነው። ጥሬ ገንዘብ በራሱ ጥፋት ባይሆንም፣ ዱካ የማይተው በመሆኑ ታማኙን ሠራተኛ ከሐሜት አያድነውም፤ አጥፊውንም አያጋልጥም።

በሌሎች አገሮች ይህን መሰል ክፍያ በክሬዲት ካርድ መፈጸም የተለመደ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው ግን ከባለቤቱ ሒሳብ በቀጥታ የሚቀንሰው የባንክ ካርድና የሞባይል ገንዘብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በስልክ መክፈል ወደ ገበያውም ወደ አገልግሎት መስጫውም ዘልቋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ተወስኗል። ናፍጣውን በስልኩ የከፈለ ሾፌር መቀጮውን በዚያው ስልክ እንዳይከፍል የሚያግድ ቴክኒካዊ ምክንያት አይኖርም። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሾፌሩ ጭርሱን ላይከፍል መቻሉ ነው። ጣቢያው የክፍያ መለያ ቁጥር ከሰጠ፣ ባለንብረቱ ወይም የዕቃው ባለቤት አዲስ አበባ ሆኖ በደቂቃዎች ውስጥ ሊከፍል ይችላል። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የተመዘነው ክብደት፣ ቀኑና የከፋዩ ማንነት በአንድ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ፣ በተደጋጋሚ ትርፍ የሚያስጭነው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ክፍያ ሲቀል ቅጣቱ ኃይሉን ያጣል፤ መቀጮም እንደ ማለፊያ ቀረጥ ይቆጠራል የሚል ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ትርፍ ጭኖ የሚያገኘው ገቢ ከመቀጮው የሚበልጥ ነጋዴ በስልኩ ከፍሎ ጉዞውን ይቀጥላልና። መፍትሔው ግን ክፍያውን ማክበድ ሳይሆን ክፍያንና ፈቃድን መለየት ነው። መቀጮው ቢከፈልም ትርፉ ሳይራገፍ ወይም በአክስሎቹ ላይ በአግባቡ ሳይደላደል ተሽከርካሪው መንቀሳቀስ የለበትም። ጥፋቱ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ መቀጮው ሊያድግ ይገባል፤ ይህንን በትክክል ለመፈጸም የሚያስችለውም የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ነው።

ሌላው ሥጋት የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። መስመር በጠፋ ሰዓት ሾፌርን በረሃ ላይ ማሳደር ፍትሐዊ አይደለም። ትርፉ ተራግፎ፣ የተጻፈ የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶ፣ ክፍያው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲፈጸም ማድረግ ይቻላል፤ ያልከፈለ ባለንብረትም ዓመታዊ ምርመራ አድርጎ ቦሎ ከማግኘቱ በፊት ዕዳውን ማጠናቀቅ ይኖርበታል። የባንክ ወይም የቴሌኮም የአገልግሎት ክፍያን በተመለከተም ማን እንደሚሸፍነው አስቀድሞ በመመሪያ ሊወሰን ይገባል፤ ያለዚያ ሾፌሩ ሁለተኛ መቀጮ የተጣለበት ያህል ይሆናል።

ሚዛን የጭነቱን ልክ ይናገራል፤ ማን እንዳስጫነው ግን አይናገርም። ይህንን ጉድለት የሚሞላው ክፍያው የሚተወው ዱካ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት የካርድና የስልክ ክፍያን ሲፈቅዱ፣ የሚለኩት ምን ያህል መቀጮ እንደተሰበሰበ ብቻ ሳይሆን፣ ተመልሶ ትርፍ ጭኖ የሚመጣው ተሽከርካሪ ምን ያህል እንደቀነሰ መሆን አለበት።