«እኛስ የት ነበርን?»



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ጉዞ እናወጋችኋለን። ጉዞ ስንል ለንግድ ወይም ለለቅሶ የሚደረገውን ማለታችን አይደለም። ልጆችን ይዞ፣ በአስጎብኚ እየተመሩ፣ አንድን ጥንታዊ ከተማ አይቶ ለመማር የሚደረገውን ጉዞ ማለታችን ነው። «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። እኛም ከእነርሱ መካከል ነበርን።

ሐሳባችንን ያስለወጠን ለንግድ ወደ ቻይና ይመላለስ የነበረ አንድ ዘመዳችን ነው። አንድ ቀን ዳንግላ ቤታችን ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ስለ ሺአን ከተማ አጫወተን። ሺአን በጥንት ስሟ ቻንግአን የምትባል፣ የታንግ ነገሥታት መናገሻና የሐር ንግድ መንገድ መነሻ የነበረች ከተማ ናት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራው ግንቧ ዛሬም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያዋን ከብቦ ቆሟል። ዘመዳችን ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በአንዲት አስጎብኚ እየተመራ ግንቡን፣ የደወሉን ማማና የከበሮውን ማማ አየ። ከዚያም አስጎብኚዋ ከከበሮው ማማ በስተጀርባ ወዳለው ሠፈር ወሰደቻቸው። የሙስሊሞች ሠፈር ነው። ነጭ ቆብ ያጠለቁ ሰዎች ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ። ከመካከሉ ጉልላት የሌለው፣ ጣራው እንደ ቻይና ቤተ መንግሥት የተሠራ ታላቅ መስጊድ አለ። ዘመዳችን የቡድሃ ቤተ መቅደስ መስሎት ነበር። የዐረብኛውን ጽሑፍ ሲያይ ግን ጫማውን አወለቀ።

«እኔን የገረመኝ መስጊዱ ብቻ አይደለም» አለን። «ሙስሊም ያልሆነችው አስጎብኚያችን ‹ይህን ሠፈር ሳታዩ ሺአንን አየን አትበሉ› ማለቷ ነው።»

ሁላችንም ሱብሓነላህ አልን። ከዚያ ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠችው የ14 ዓመት ልጃችን «የእኛስ አገር እንዲህ ያለ ከተማ አለው?» ብላ ጠየቀች። አለው፤ ያውም በግማሽ ቀን መንገድ የሚደረስበት። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእኛ መካከል ጎንደርን ለሕክምናም ለገበያም የረገጠ ብዙ ሰው አለ። ግንቡ ውስጥ የገባ ግን አንድም አልነበረም!

በየካቲት 2012 ዓ.ም.፣ ልጆች የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰው ሲያርፉ፣ ሁለት ቤተሰብ ከዳንግላ አንድ ቤተሰብ ከእንጅባራ ሆነን ሚኒባስ ተኮናተርን። በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰው ነበርን። የእንጅባራዎቹ ማታውኑ ዳንግላ መጥተው አደሩ፤ ሱብሒ ሰግደን ጉዞ ጀመርን። ጎንደር እንደ ደረስን አንድ ወጣት አስጎብኚ ያዝን። ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነበር።

የታሪኩን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እንንገራችሁ። ጎንደርን ዐፄ ፋሲል በ1636 መናገሻቸው አደረጓት። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ እየጨመሩ ሠሩ። የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ ክብ ማማዎች አሉት። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ተራ በተራ ይታያሉ። የግቢው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 በሮች አሉት። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ልጆቹ ደብተራቸውን አውጥተው ይጽፉ ጀመር። ከዚያም የቃሐን ወንዝ ውሃ እየሳበ የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ አየን፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴንም ቅጥር በአክብሮት ጎበኘን። በ1888 ከሱዳን የመጡት የማህዲ ተከታዮች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተረፈ አስጎብኚያችን ነገረን። ልጆቻችን ይህንንም ጻፉ። እንዲጽፉትም ፈለግን፤ የሚያስመሰግነንን ብቻ መርጦ ማስተማር ታሪክ ማስተማር አይሆንምና።

ጉብኝቱ ሊያበቃ ሲል ልጃችን እጇን እንደ ተማሪ ቤት አነሣች። «እኛስ የት ነበርን?» አለች።

አስጎብኚው አልገባውም። «እናንተ ማለት?»

«ሙስሊሞቹ። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሙስሊም አልነበረም?»

ልጁ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ «ነበረ፤ አዲስ ዓለም የሚባል ሠፈር አለ። ነገር ግን በፕሮግራማችን ውስጥ የለም፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ እንግዳም የለም» አለ። እኛ አፈርን እንጂ አልተቆጣንም። ያፈርነውም በእርሱ አይደለም። አባቶች ነን፣ እናቶች ነን ብለን ልጆች ይዘን ሄደን፣ ይህን ጥያቄ ከልጅ አፍ መስማታችን ነው። ቤታችን ተቀምጠው ያደጉት ልጆች አንድም ቀን ነግረናቸው አናውቅም ነበር። እንዳንነግራቸው እኛም አናውቀውም!

አስጎብኚው «ፈቃዳችሁ ከሆነ ሰው ጠይቄ እወስዳችኋለሁ» አለ። ዙህርና ዐስርን በመንገደኛ ሥርዓት አሳጥረንና አጣምረን ሰግደን ወደ ታችኛው የከተማይቱ ክፍል ወረድን። እዚያ አንድ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ተነሥተው ተቀበሉን። ከየት እንደ መጣን ሲሰሙ «ከአገው ምድር! ግቡ፣ ግቡ» ብለው ቡና አስፈሉልን። አስጎብኚያችንም ደብተር ተበድሮ ከልጆቹ ጎን ተቀመጠ።

ሠፈሩ በድሮ ስሙ እስላም ቤት ይባላል። በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሠፍሩ ተወሰነ። በአንድ ወገን ይህ የመገለል ውሳኔ ነው። ይህን ማለሳለስ አያስፈልግም። በሌላ ወገን ግን ተገልለው የሠፈሩት ሰዎች ለከተማይቱ የጀርባ አጥንት ሆኑ። ከምጽዋና ከስናር የሚመላለሰውን ንግድ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ በሽመናም ይታወቁ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ልጃችን ዞረው «ልጄ፣ በግንቡ ውስጥ የተበላው ማር ከእናንተ አገር የመጣ ነው። የተለበሰው ሐር ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው። ማን አመጣው ብለሽ ጠይቂ» አሏት።

ይህን ቃል ይዘን ተመለስን። ከተመለስንም በኋላ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። የሽማግሌው ነገር እውነት ሆኖ አገኘነው። በ1770 ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ አገዎች ማር፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ቆዳና ከብት ይዘው አንድ ሺህና አንድ ሺህ አምስት መቶ እየሆኑ ወደ ጎንደር ይወጡ እንደ ነበር ጽፏል። ከቃሐ ወንዝ ማዶም አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው የሙስሊሞች ከተማ ማየቱን ይናገራል። ታታሪዎች እንደ ነበሩ፣ ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ በቅሎ የሚጭኑትና የሚነዱትም እነርሱ እንደ ነበሩ መስክሯል። በጦርነቱ ግን ከየትኛውም ወገን ሆነው አይዋጉም ነበር ይላል።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን ሌላ ነው። በ1648 ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የሚባሉ የየመን ሰው ከኢማማቸው ተልከው፣ በበይሉል ወደብ ገብተው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ዐፄ ፋሲል ዘንድ ጎንደር ደረሱ። ጉዟቸውንም በዐረብኛ ጻፉት። ግንቡ ከድንጋይና ከኖራ መሠራቱንና ሠሪውም ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ተናግረዋል። እንግዲህ የፋሲልን ግንብ በዐይናቸው አይተው ከጻፉልን ቀደምት ሰዎች አንዱ ሙስሊም ነው ማለት ነው። ልጃችን ይህን ስንነግራት «እንግዲያው ነበርና!» ብላ ሳቀች።

ውድ አንባብያን! ይህን የምናወጋችሁ ግንቡ የእኛ ነው ለማለት አይደለም። ግንቡን ያሠሩት ክርስቲያን ነገሥታት ናቸው፤ ክብሩም የእነርሱ ነው። የከተማይቱ ታሪክ ግን ግንቡ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው እንዳሉት ማሩን ማን አመጣው፣ ጨርቁን ማን ሸመነው፣ ድንኳኑን ማን ተከለው ተብሎ ካልተጠየቀ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ታሪክ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። የሙስሊሙ ልጅ በገዛ አገሩ እንግዳ እንደሆነ ይሰማዋል። የክርስቲያኑም ልጅ ጎረቤቱን ትናንት እንደ መጣ ሰው ያየዋል።

ጉዳቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚያችው በጎንደር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረትም ወደመ። ዜናውን ስንሰማ ቡና ያጠጡን ሽማግሌና ያ ትሑት አስጎብኚ ባንድነት በሐሳባችን መጡ። ሁለቱ በአንድ ከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው። የተዋወቁት ግን እኛ ከዳንግላ ሄደን ስንጠይቅ ነው። መተዋወቅ ጠብን ሁሉ ያስቀራል አንልም። ያልተዋወቀ ጎረቤት ግን በሰው ወሬ በቀላሉ ይነዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት እኛም መንገዱን እንደ ልብ አልሄድንበትም። አላህ ሰላሙን ያምጣልን። መንገዱ ሲቀናችሁ ግን፣ ወይም ባላችሁበት አካባቢ ጥንታዊ ከተማ ካለ፣ ከእኛ ስሕተት ተማሩ፦

አንደኛ፣ ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ አትሁኑ። ሰው ሲበዛ አስጎብኚው ይጮኻል እንጂ አያስተምርም፤ ልጆችም ለመጠየቅ ያፍራሉ።

ሁለተኛ፣ ከአስጎብኚው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ የምታዩትንም አብራችሁ ተነጋገሩ። «የሙስሊሙን ሠፈር፣ የሸማኔውን ሠፈር፣ የድሮውን ገበያ ጨምርልን» በሉት። ካልጠየቃችሁት በፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የሶላቱን ሰዓትና ቦታ አስቀድማችሁ አስቡ። የሌላውን ሃይማኖት ቦታ ስታዩ ድምፃችሁን ዝቅ፣ ልብሳችሁን ሥርዓት አድርጉ። የራሳችን መስጊድ እንዲከበር የምንፈልገውን ያህል እናክብር።

አራተኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆች አንድ ነገር አንብቡላቸው። ከተመለሳችሁ በኋላም ያዩትን ይጻፉ፤ ላላዩት ታናናሾቻቸው ያንብቡላቸው።

መቼም ገንዘብ የለኝም የሚል አይጠፋም። ለእርሱም መልስ አለን። የገዛ ከተማችንን ከጎበኘን ዋጋው የእግር መንገድ ነው! ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ እንደ ነበረችና ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ከዚህች ከተማ እየተነሣ ጣናንና ዓባይን እንዳጠና ከልጆቻችን ስንቱ ያውቃል? የመጀመሪያው መስጊዳችን መቼ ተሠራ? መሬቱን ማን ሰጠ? እንጨቱን ማን ተሸከመ? ይህን የሚያውቁ አዛውንቶች ዛሬ አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ።

ቁርኣን በምድር ላይ ሄደን የቀደሙትን እንድናስተውል ደጋግሞ ያሳስበናል። እንግዲያው በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ አንድ ልጅ ይዛችሁ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጡ። ጥያቄውን ልጁ ይጠይቅ። እናንተ ደብተሩን ያዙለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።