መጠባበቂያ ቅጂ የሚጀምረው ከስቶሬጅ ኢንጅን ምርጫ ነው

የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድና የግብር መዝገብ ከወረቀት ወደ ዳታቤዝ በመሸጋገር ላይ ናቸው። ለመሆኑ ሰርቨሩ ቢጠፋ መዝገቡ ከየት ይመለሳል? ይህ ጥያቄ ለሰሜን ወሎ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ምሳሌ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆዩት የጦርነት ወራት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጓል። በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳም ከጦርነቱ አላመለጠችም፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። እንግዲህ የወልድያን መዝገብ ቅጂ በመርሳ ወይም በደሴ ማኖር እንኳ ዋስትና እንደማይሆን ተረድተናል። ቅጂው በየዕለቱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ይኖርበታል።

ብዙዎቻችን የዚህን መፍትሔ የምንፈልገው ከባክአፕ ፕሮግራሙ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳዩ የሚወሰነው ከዚያ አስቀድሞ፣ ስቶሬጅ ኢንጅኑ በሚመረጥበት ጊዜ ነው።

ስቶሬጅ ኢንጅን ማለት ዳታቤዙ መረጃን በዲስክ ላይ የሚጽፍበትና የሚያነብበት የውስጥ ክፍል ነው። በማይኤስኪውኤል የሚገኙትን ሁለት ኢንጅኖች እናነጻጽር። ማይአይሳም የተስተካከለ ቅጂ እንዲወሰድለት ሠንጠረዡ መቆለፍ አለበት፤ ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ ሬጅስትራሩ ውጤት መመዝገብ ያቆማል። ኢኖዲቢ ግን የተለወጠውን ረድፍ የቀድሞ ይዘት ጭምር ስለሚያቆይ፣ ቅጂው በተጀመረበት ቅጽበት የነበረው ሁኔታ ሲነበብ ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በተጨማሪም ለውጡን አስቀድሞ በተለየ መዝገብ ስለሚጽፍ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ ያንን መዝገብ አንብቦ ራሱን ያስተካክላል።

ሦስተኛው ጥቅም ለእኛ ከሁሉ የላቀ ነው። ኢኖዲቢ መረጃን በተለምዶ 16 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ይከፍላል፤ እያንዳንዱም ገጽ መጨረሻ የተለወጠበትን ተራ ቁጥር ይይዛል። በመሆኑም ባክአፑ ከትናንት ወዲህ የተለወጡትን ገጾች ብቻ ለይቶ ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የሌለው ማይአይሳም ግን አንድ ረድፍ ብቻ ቢለወጥም የሠንጠረዡን ፋይል በሙሉ ያስገለብጣል። ለምሳሌ ያህል እናስላ። 10 ጊጋባይት የሆነ ዳታቤዝ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር በሙሉ ቢላክ 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የተለወጡት ገጾች 200 ሜጋባይት ቢሆኑ ግን 13 ደቂቃ ይበቃቸዋል። የኔትወርክ መቆራረጥ በበዛበት አገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መዝገብን የማዳንና የማጣት ልዩነት ነው።

ማይአይሳም አነስተኛ የዲስክ ቦታና ሜሞሪ እንደሚበቃው አይካድም። ነገር ግን በዲስክ ዋጋ የሚገኘው ቁጠባ የአንድን ተመራቂ የአራት ዓመት ውጤት አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው 5.5 እትም ጀምሮ ኢኖዲቢ የማይኤስኪውኤል መደበኛ ምርጫ ሆኗል፤ ቀደም ብለው የተሠሩ ዳታቤዞች ግን ካልተለወጡ በስተቀር በነበሩበት ይቀጥላሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የመሥሪያ ቤቶችን ዳታቤዝ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ኢንጅኑን ከመምረጣችሁ በፊት ቅጂው ሥራ ሳያስቆም ይወሰዳል ወይ? ከከተማው ለመውጣትስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ቅጂውን በሌላ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ ሞክሩት። አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።