ከአፈር የሚወጣውን እባብ በእጅ አንያዝ





እኔ ከጂንካ ከተማ በላይ ባለው የአሪ ደጋ እንሰትና ቡና እያለማሁ የምኖር ሰው ነኝ። ባለፈው በልግ ታናሽ ወንድሜ በደኑ ዳር እንሰት ሊተክል ሲቆፍር፥ አንዲት ጥቁር ቀጭን እባብ ከአፈር ወጣች። የእባብ አያያዝ ዐውቃለሁ ብሎ ከራስዋ ኋላ ጥብቅ አድርጎ ያዛት። እርስዋ ግን አፍዋን ሳትከፍት አውራ ጣቱን ወጋችው። ጎረቤቶች ለመርዳት ብለው ክንዱን በገመድ አሰሩት፤ ቁስሉንም በምላጭ በጡት። ነፍሱ ብትተርፍም ጣቱ ተቆርጧል።

ከዚያ ወዲህ ዐዋቂዎችን ብጠይቅ፥ ይህች እባብ በሳይንስ አትራክታስፒስ ከሚባለው፥ አፈር ውስጥ ከሚኖረው ወገን መሆንዋን ነገሩኝ። ረጃጅም የመርዝ ጥርሶችዋ አፍዋ እንደ ተዘጋ በጐን በኩል ይወጣሉ። ስለዚህ ለሌላው እባብ የሚሆነው አያያዝ ለርስዋ አይሆንም። ለእፉኝት የተሠራው የመርዝ ማርከሻም እርስዋ የነደፈችውን አያድንም።

ከዚያው አፈር ደግሞ ዐይኑ በቅርፊት የተሸፈነ፥ ትል የሚመስል ትንሽ እባብ ይወጣል። ምግቡ የምስጥና የጉንዳን ዕጭ ነው፤ ሰውን አይጎዳም። እኛ ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፥ ሁሉንም ባንድነት በዶማ እንቀጠቅጣለን።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከአፈር የወጣውን እባብ፥ ትንሽም ቢሆን፥ የሞተም ቢመስል፥ በእጅ አንንካው፤ ራቅ ብለን መንገድ እንልቀቅለት። የተነደፈ ሰው ቢኖር ቀለበቱ ይውለቅ፤ ክንዱ አይንቀሳቀስ፤ አይታሰር፤ አይበጣ፤ ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት በሽታዎች ጋር ቈጥሮታል። በ2019ም ከዚሁ የተነሣ የሚሞተውንና አካሉ የሚጎድለውን ሰው ቍጥር እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዐቅዷል። ይህ ዕቅድ ከኛ ማሳ የሚደርሰው ግን የእርሻና የጤና ሠራተኞች ከመቆፈሪያው ወራት በፊት ለገበሬው ሲያስረዱት ነው። ደኑን እየመነጠርን በገባን ቍጥር ከነዚህ እባቦች ጋር መገናኘታችን አይቀርምና። ለማስረዳቱ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ የወንድሜ ጣት ግን አይመለስም።

አንድ የእንሰት ገበሬ
ከጂንካ