ለዘር ያለውን አትንኩ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሽማግሎች፣ የሰባ ሰባትን ረሃብ አብራችሁኝ ያያችሁ ወንድሞቼ፤ ዛሬ የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም፣ ለእኛው ነው። የጎተራው ነገር ገና በእጃችን ነውና።

ቆላው ወደ ደጋ እየወጣ ነው። በቆሎ ብርዱን ፈርቶ የማይደፍረውን ዳገት ዛሬ እየደፈረው ነው። አንዳንዶቻችን ይህን እንደ በረከት ቆጥረነዋል። አትቸኩሉ። በቆሎን ወደ ላይ የሚያወጣው ሙቀት በጀማ ሸለቆ ያለውን ወንድሙን ያቃጥለዋል።

በቆሎ የሚጎዳው አብልጦ በአበባው ወቅት ነው። ከአናቱ የሚበንነው የአበባ ዱቄት ከእሸቱ ፀጉር ላይ ካላረፈ ፍሬ የለም። ብርቱ ሙቀት ዱቄቱን ይገድለዋል፤ ድርቅ ሲጨመርበት ፀጉሩም ዘግይቶ ይወጣል። አገዳው ለምልሞ ይቆማል፤ ሸልቅቃችሁ ስታዩት ግን እሸቱ ጥርሱ እንደረገፈ ድድ ነው። በአፍሪካ ከተደረጉ ከ20,000 በላይ የበቆሎ ሙከራዎች ተመርምረው በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዲህ ይላል፦ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነች እያንዳንዷ ዲግሪ፣ በዋለችበት በእያንዳንዱ ቀን፣ ዝናብ ሳይጎድል እንኳ ከምርቱ 1 በመቶ ትወስዳለች፤ ድርቅ ካለ 1.7 በመቶ።

መድኃኒቱ ሙቀት የሚችል ዘር ነው። ተመራማሪዎች ብዙ ዓይነት በቆሎ ሐሩር ባለበት ይዘራሉ፤ ዱቄቱና ፀጉሩ ሳይተላለፉ የወጡለትን ይመርጣሉ፤ ያዳቅላሉ፤ ደግመው ይፈትናሉ። ይህ የብዙ ዓመት ድካም ነው። አዳቃይ ግን ከባዶ አይፈጥርም፤ ካለው ይመርጣል። የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ አድርጎ ከሚያቀጭጭ በሽታ የታደገው ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ጠባይ ነው። የበቆሎውም፣ የማሽላውም፣ የገብሱም ነገር ያው ነው፤ ዘሩ ከጠፋ መምረጫው ጠፋ።

በሰባ ሰባት ለዘር ያስቀመጥነውን በላን። ነፍስ ልናድን ነውና ማንንም አልወቅስም። ዛሬ ግን ሰነፍ ቆሎውን፣ ጥቁር ገብሱን፣ የቆላውን ማሽላ የምንጥለው ረሃብ ሳያስገድደን ነው። ይህ ያስወቅሰናል። የዘረመል ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ ከዚያ ክፉ ዘመን ወዲህ በሸዋና በወሎ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ማሳ ላይ ለማቆየት ደክመው፣ በ1982 ዓ.ም. ዓለም ሸልሟቸዋል። እሳቸው የለፉበትን እኛ በገበያ ቀን በጣሳ አንሽጠው።

ምርጥ ዘር አትዝሩ አላልኩም። ዝሩ፤ ግን የምትዘሩትን እወቁ። እንደ ቢኤች-660 ያለው ዲቃላ ከምርቱ ለዘር ቢያስቀምጡት በዓመቱ ይከዳል። እንደ መልካሳ-2 ያለው ግን ዲቃላ ሳይሆን በማሳ ላይ በነፃ የሚራባ ዝርያ ስለሆነ ለጥቂት ዓመት ዘሩን መልሶ መዝራት ይቻላል። ልዩነቱን ሳትጠይቁ አትግዙ። ማሳችሁንም ሁሉ ለአንድ ዘር አትስጡ።

አባቶቻችን የጓሳን ሣር ያቆዩልን ለዓመታት ለሰውም ለከብትም ዘግተው፣ ጊዜው ሳይደርስ ማጭድ ያነሳውን ቀጥተው ነው። ለሣር ሕግ ያወጣ አገር ለዘር ሕግ አይነሰው። በየአጥቢያው ተቀመጡ፤ ማን የትኛውን ዘር እንደያዘ ቁጠሩ፤ ያለው ለሌለው ያበድር። ከመጪው መኸር በፊት አድርጉት። እኛ ካለፍን በኋላ የዘሩን ስም የሚያውቅ የለም።