ደውላችሁለት ነበር?

ራሁል ዴቭ በርማን፣ ወዳጆቹ ፓንቻም የሚሉት የዜማ ደራሲ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1994 ቦምቤይ ውስጥ በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ጉዳዩ የእነሱ ነውና።) በማግስቱ ዓመት ፊልምፌር፣ የህንድ ፊልም ሰው ሁሉ የሚንጠራራለት ሽልማት ማለት ነው፣ በስሙ አዲስ ዘርፍ ከፈተ። የ‹አር. ዲ. በርማን ሽልማት ለአዲስ የሙዚቃ ተሰጥኦ›። የመጀመሪያውን ኤ. አር. ራህማን ወሰደው። ራህማን ይገባዋል፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሰጪዎቹ ጋር ነው። ሰውየው ሊሞት አምስትና ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሥራ ሲጠብቅ፣ ከእናንተ ስንቱ ደወለለት?

አንተ ምን አገባህ የሚል አይጠፋም። ሂንዲ አልችልም፤ ቦምቤይን አላየሁም። ግን ያደግሁት በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ፣ ላብና ኦቾሎኒ በሚሸት ክፍል ውስጥ። አንድ ቅዳሜ ‹ሾሌይ›ን ስናይ፣ ሽፍቶቹ ሰፈር እሳት ተቀጣጥሎ ዳንሰኛዋ ሔለን ስትደንስ፣ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የተቀደደ የወንድ ድምፅ ወጣ። የተማረ ዘፋኝ ድምፅ አይደለም። ጉሮሮው ሊበጠስ የደረሰ ሰው ጩኸት ነው። ከጩኸቱ ሥር ደግሞ ነፋስ ዋሻ ውስጥ ሲገባ እንደሚያሰማው ያለ ነገር ይመላለሳል። አንገቴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ዘፋኙ ራሱ የዜማው ደራሲ እንደነበረ፣ ያ የነፋስ ድምፅም የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ እየተነፋ የተቀዳ መሆኑን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው።

አሁን ‹ሌባ ነበር› የሚሉትን ላናግር። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁለት ዘፈን ያውቃሉ። አንዱ ይኸው የ‹ሾሌይ› ዘፈን ሲሆን ከግሪኩ ዴሚስ ሩሶስ የተወሰደ ነው። ሌላው በ1977 ‹ሁም ኪሲሴ ኩም ናሂን› ለተባለው ፊልም የሠራው ነው፤ አባ የተባለውን የስዊድን ቡድን ‹ማማ ሚያ› የሰማ ሁሉ ዜማውን ያውቀዋል። ልክ ናችሁ። አልክድም፣ አላለባብስም። ከአንዱ ሳይሆን ከብዙ ቦታ ወስዷል፤ ፊልም ሠሪውም ዜማውን ከውጭ ሰምቶ መጥቶ ‹እንዲህ ያለ ይሁንልኝ› ማለት በዚያ ገበያ የተለመደ ነበር። ታዲያ ስለ ብርጭቆው ለምን ዝም ትላላችሁ? በ1973 ‹ያዶን ኪ ባራት› ውስጥ ያለው የዘፋኟ የአሻ ቦስሌ ዘፈን የሚከፈተው ብርጭቆ በማንኪያ ተመትቶ ነው። ይህን ከየትኛው ፈረንጅ ሰረቀው? በ1968 ‹ፓዶሳን› ላይ ማበጠሪያ ሻካራ ነገር ላይ ፈግፍጎ ምት ሲያወጣ፣ የማንን ማበጠሪያ ነው የሰረቀው? ይህ ሰው የሳሮድን ክር ከኡስታድ አሊ አክባር ካን እግር ሥር፣ የታብላን ከበሮ ከሳምታ ፕራሳድ ተምሯል። ‹አማር ፕሬም›ን አድምጡ፣ ጥንታዊው የራጋ ሥርዓት እንደ ወተት ይፈስበታል። ያንኑ ሰሞን ደግሞ ካትማንዱ ለሚያጨሱት ሂፒዎች ‹ሃሬ ራማ ሃሬ ክሪሽና›ን ሠራ፤ ህንድ እንደዚያ ያለ ጊታር ሰምታ አታውቅም ነበር። ሌባ ሁለት ቤት አይሠራም።

ልጅነቱን ባጭሩ ልለፈው። 1939 ካልካታ ተወለደ። አባቱ ሳቺን ዴቭ በርማን የትሪፑራ ንጉሣዊ ዘር ነው፤ ራሱም የተከበረ የዜማ ደራሲ። ልጁ በአባቱ ስቱዲዮ ረዳት ሆኖ አደገ፣ በ1961 የመጀመሪያ ፊልሙን አገኘ፣ በ1966 ‹ቲስሪ ማንዚል› ስሙን አወጣው። ለዚያም ዋናው ተዋናይ ሻሚ ካፑር የዜማ ደራሲዎቹ ሻንካርና ጃይኪሻን ካልሆኑ ብሎ ነበር፤ ዜማዎቹን ሲሰማ ነው እጁን የሰጠው። በኋላ ከ300 በላይ ፊልሞች ሠርቷል።

አንድ ነገር ግን መዝለል አልችልም፤ አርሞኒካውን። ፓንቻም አርሞኒካ ይነፋ ነበር። በ1964 ላክሽሚካንትና ፒያሬላል የተባሉት ጓደኞቹ ‹ዶስቲ› ለሚባል ፊልም ሙዚቃ ሲሠሩ ሄዶ ነፋላቸው። ፊልሙ የሁለቱን የመጀመሪያ ፊልምፌር አመጣ። የእሱ ትንፋሽ ያለበት ሽልማት የሰው ቤት ገባ፤ የራሱን እስኪያገኝ ደግሞ ገና ወደ ሃያ ዓመት ይቀረው ነበር። ‹ሾሌይ› ሲወጣ የሙዚቃውን ሽልማት ‹ጁሊ› የተባለ ፊልም ወሰደ። ፓንቻም በመጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለመው በ1982ቱ ፊልም ‹ሳናም ቴሪ ካሳም› ነው። ዘፈኖቹን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ነው፤ ከሠራቸው ሁሉ ሊሸልሙት ያገኙት ያንን!

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። እውነቱን እናውራ፣ ራሱም አግዟቸዋል። የመጣለትን ሁሉ ይቀበል ነበር፤ በአንድ ዓመት ደርዘን አልፎ የሚቆጠር ፊልም የተሸከመ ሰው ሁሉም ዜማ ዜማ አይሆንለትም። በ80ዎቹ መካከል ካወጣቸው መካከል ሁለቴ የማልሰማቸው አሉ። ሌላው የዜማ ደራሲ ባፒ ላሂሪ ዲስኮውን ይዞ መጥቷል፣ ካሴት አሳታሚዎች ገበያውን መምራት ጀምረዋል። ግን ፊልሞቹ የወደቁት በእሱ ዜማ ነው? ታሪኩ የተልከሰከሰ፣ ተዋናዩ የሰለቸ ፊልም ሲከስር ‹ሙዚቃው አልሆነም› ማለት ቀላል ነው። የዜማ ደራሲ ፊልም ሲያተርፍ የሚረሳ፣ ሲከስር የሚታወስ ፍጡር ነው። ከ‹ቲስሪ ማንዚል› ጀምሮ ሃያ ዓመት ከእሱ ሳይለይ የከበረው የፊልም ሠሪው የናሲር ሁሴን ቤት እንኳ በ1988 ልጁ ማንሱር ወንበሩን ሲይዝ ሥራውን ለአዲሶቹ አናንድና ሚሊንድ ሰጠ። የዚያኑ ዓመት ፓንቻምን ልቡ ጣለው፤ በኋላም ለንደን ሄዶ የልብ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለውን አባባል ቦምቤዮች በራሳቸው ቋንቋ ሳያውቁት አይቀሩም።

እንግዲህ በዚያ ‹አለቀለት› በተባለበት ጊዜ የሠራውን ስሙ። ገጣሚው ጉልዛር ‹ኢጃዛት› ለሚለው ፊልሙ ግጥም ይዞ መጣ። ቤት አይመታም፣ ስንኙ አይመጣጠንም፤ ከተለየችው ሴት የተጻፈ ደብዳቤ ነው የሚመስለው፣ እቃዎቼን መልስልኝ የምትል። ፓንቻም ወረቀቱን ጣል አድርጎ፣ ነገ ደግሞ የጋዜጣ የፊት ገጽ አምጥተህ ዜማ ሥራለት ልትለኝ ነው አለው፤ ጉልዛር ራሱ ሲስቅበት የኖረ ጨዋታ ነው። አጠገባቸው የነበረችው አሻ፣ ያኔ ባለቤቱ፣ አንዷን ሐረግ ታንጎራጉራለች። ጆሮው ቆመ። ከዚያች ሐረግ ተነሥቶ ያንን ቤት አልባ ደብዳቤ ከዳር ዳር ዜማ አለበሰው። ዘፈኑን የሰማ ሰው ግጥሙ ቤት እንደማይመታ ልብ አይልም።

ታዲያ የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ምን አደረገ? ጉልዛርን ለግጥሙ ሸለመ። አሻን ለድምጿ ሸለመ። ለዜማው? ምንም። ግጥሙን ከድምፁ ያገናኘው ማን ነበር ታዲያ? ዜማው እንደ መና ከሰማይ ወረደ? ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሻዬ ይቀዘቅዛል። ዳኞቹ ጆሮ አልነበራቸውም ልበል ብዬ እተወዋለሁ፤ ጆሮማ ነበራቸው፣ ድምፁንና ግጥሙን ሰምተዋል። ያልሰሙት ‹አለቀለት› የተባለውን ስም ነው።

የደወለለት አንድ ሰው አለ፣ እሱን አልነሳውም። ፊልም ሠሪው ቪዱ ቪኖድ ቾፕራ ‹1942፦ ኤ ላቭ ስቶሪ›ን ስጠኝ ሳይባል ሰጠው። የመጀመሪያውን ዜማ ሲያሰማው ግን ቾፕራ ፊት ለፊት ‹ይህ አይረባም› አለው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፓንቻምን አባት ፎቶ እያሳየ፣ እኔ የምፈልገው ያንን ነው አለው። ጨካኝ ንግግር ነው። ግን ከዝምታው ስንት ጊዜ ይሻላል! ሰውን አይረባም የምትለው የሚረባ ነገር እንዳለው ስታምን ነው። ፓንቻም ጊዜ ስጠኝ አለና ሠራው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን እሱ የለም። ሦስተኛውን ፊልምፌር ሞቶ ወሰደ፤ ሀገሩ ያን ዓመት ያንጎራጎረው የሞተ ሰው ዜማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2002 የ1972 ዘፈኑን ሪሚክስ አድርገው ሴት ልጅ አስደንሰው ሚሊዮኖች ጋር ደረሱበት። በ2005 ክሮኖስ የተባለው የአሜሪካ የገመድ ሙዚቃ ጓድ ዜማዎቹን ከአሻ ጋር በአልበም አወጣቸው፤ ለግራሚም ታጨ። በ2013 ፖስታ ቤቱ ፊቱን ቴምብር ላይ አተመው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። በየዓመቱ ልደቱ ሲመጣ ፕሮዲዩሰሮች ማይክሮፎን ይዘው ‹ከዘመኑ የቀደመ ነበር› ይላሉ። ከዘመኑ ቀድሞ ከነበረ፣ ዘመኑ እናንተ ነበራችሁ።

ስለ ቪዲዮ ቤቱ የደበቅኋችሁ አለኝ። ያን ቅዳሜ ዘፈኑን የሰማሁት ሪሞቱ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ነው። በሌላው ቀን ዘፈን ሲመጣ ልጁ ያሳልፈው ነበር፣ ወደ ድብድቡ ቶሎ እንድንደርስ። ልጁ በራሱ ፈቃድ አልነበረም የሚያሳልፈው። ከአግዳሚው ‹አሳልፈው! አሳልፈው!› የሚል ጩኸት ይነሣ ነበር፣ ከሁሉ ደግሞ የእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።